ዛፉ እንጦጦ፣ ፀሐዩ መርካቶ

ሚያዝያ 5 ቀን ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሊሞላ ሲል፣ ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለተቀመጠች ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሆናል። ሁለተኛው ነሐሴ መገባደጃ ላይ ስለሚውል በደመናው ምክንያት ልብ የሚለው የለም። የሚያዝያው ግን ዓመቱ ከሚሞቅባቸው ሳምንታት ጋር ይገጥማል። በዚያች ሰዓት የአሥር ፎቅ ሕንፃ እንኳ ለእግረኛ የሚያተርፈው ጥላ የለውም፤ ጥላው ከግድግዳው ሥር ፈቅ አይልም። የሚያድነው ከላይ የተዘረጋ ነገር ብቻ ነው፦ ጃንጥላ፣ ሸራ፣ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ።

ስለዚህ ስለ ከተማ ዛፍ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቅርንጫፉ በማን አናት ላይ እንደተዘረጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ስንት ዛፍ አለ የሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ይምጣ። ብቻውን ሲጠየቅ ያሳስታል። ከእንጦጦ እስከ የካ ያለው የተራራ ደን፣ ከ700 ሄክታር በላይ የሆነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ የኤምባሲዎቹ ግቢ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ጽድና ወይራ ተደምሮ ለነዋሪው ሲካፈል፣ አማኑኤል አካባቢ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰውም በወረቀት ላይ ድርሻ ይደርሰዋል። ከቤቱ እስከ ታክሲ መያዣው ባለው መንገድ ላይ ግን አንድም ቅርንጫፍ ላያገኝ ይችላል።

የመሬቱ አቀማመጥ ነገሩን ያባብሰዋል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ 2,100 ሜትር አካባቢ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚሞቅ፣ በከፍታ ልዩነት ብቻ አቃቂ ከእንጦጦ ጫፍ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ይበልጣል። በዚህ ላይ አስፋልቱን፣ የመጋዘኑን ቆርቆሮ፣ የፋብሪካውን ግቢና የጭነት መኪናውን ጨምሩበት። ደኑ ያለው ከሁሉ ይበልጥ በሚቀዘቅዘውና ሰው በማይኖርበት ጫፍ ላይ ነው። ሙቀቱ የሚጠራቀምበት የታችኛው ደቡብ ደግሞ ባዶውን ቀርቷል።

ይህ ክፍፍል ድንገት የመጣ አይደለም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፋፊ ግቢ ይዘው ነበር የሰፈሩት፤ ወታደሩና አገልጋዩ በዙሪያቸው ጎጆ ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሳሰሉ ስሞች የቀሩት ከዚያ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ተጨፍጭፎ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ያቆየው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ እንዳስገባው ይነገራል። ባሕር ዛፍ ከተማዋን አትርፏል፣ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን የተተከለው ለማገዶ፣ ለማገርና ለወራጅ ነበር። በተራራው ላይና በባለመሬቱ ይዞታ ላይ እንጂ በመንገድ ዳር ለአላፊ አግዳሚ ጥላ ይሆናል ተብሎ የተተከለው ጥቂት ነው።

የምኒልክ ዘመን የመሬት ስጦታ እስከ ዛሬ በሳተላይት ምስል ላይ ይነበባል። በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ በኩል ለውጭ ሌጋሲዮኖች የተሰጡት ግቢዎች ዛሬም ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ የፈረንሳይ ኤምባሲ ብቻውን ከ40 ሄክታር በላይ፣ የእንግሊዝ ከ30 ሄክታር በላይ ይዘዋል። በምዕራብ በኩል ጣልያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ያሰፈረበት መርካቶ አለ፤ ቦታው ለሱቅና ለዕቃ ማመላለሻ ተሸንሽኖ የተቆረሰ ነው። በኋላ ደግሞ የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 መጣ፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ይህ አዋጅ ለድሃው ጣሪያ ሰጥቶታል። ሆኖም የቀበሌ ቤት ተከራይ ነገ ይነሣ አይነሣ ሳያውቅ፣ ሃያ ዓመት የሚጠበቅበትን ዝግባ በሁለት ሜትር ደጅ ላይ አይተክልም። ከዚያ የሊዝ ዘመን ሲመጣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ዋጋው ስለናረ፣ ግቢ የነበራቸውም ግቢያቸውን በሰርቪስ ቤት ሞሉት።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ሌላ መልክ ያለው ተመሳሳይ ታሪክ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመንግሥት የቤት ብድር ካርታ ጥቁሮችና ስደተኞች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች በቀይ ቀለም ከብድር አገለለ። በ37 ከተሞች የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳየው፣ ያን ጊዜ በቀይ የተቀለሙት ሰፈሮች ዛሬ የዛፍ ሽፋናቸው በአማካይ 23 በመቶ፣ ምርጥ የተባሉት ግን 43 በመቶ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ108 ከተሞች የቀይ ሰፈሮቹ የመሬት ገጽ ሙቀት በአማካይ በ2.6 ዲግሪ እንደሚበልጥ አገኘ። እኛ ጋ በዘር የተቀለመ ካርታ አልነበረም። የመሬት ይዞታው ግን ያንኑ ሥራ ሠርቶታል።

የራሳችሁን ሰፈር ለመለካት መሥሪያ ቤት መጠበቅ አያስፈልግም። የወረዳችሁን ክልል በሳተላይት ምስል ላይ አውጡና በዘፈቀደ 200 ነጥብ ጣሉበት። ነጻ የሆኑ የኮምፒውተር መሣሪያዎች ነጥቡን ራሳቸው ይጥሉላችኋል። እያንዳንዱ ነጥብ ያረፈበትን መዝግቡ፦ ዛፍ፣ ጣሪያ፣ አስፋልት፣ ባዶ መሬት፣ ሣር። ከ200ው 30ው ዛፍ ላይ ካረፈ ሽፋኑ 15 በመቶ ነው፤ ስህተቱም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች 2 ተኩል ነጥብ ያህል ይሆናል። ነጥቡን 400 ብታደርሱት ስህተቱ ከ2 በታች ይወርዳል። የታኅሣሥ ወይም የጥር ምስል ተጠቀሙ፤ በክረምቱ ምስል ሣሩና ቁጥቋጦው ሁሉ ዛፍ መስሎ ይታያል። ጃካራንዳና ዋንዛ በበጋው ቅጠላቸውን ስለሚያራግፉ ግን፣ አጠራጣሪውን ነጥብ በጥቅምት ምስል አመሳክሩ።

በመዝገቡ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው አንድ ዓምድ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ዛፍ ላይ ያረፈውን ነጥብ ሁሉ “ከአጥር ውስጥ” እና “ከአጥር ውጭ” ብላችሁ ለዩት። ሽፋኑ 20 በመቶ የሆነ ሰፈር፣ 18ቱ ከግንብ ጀርባ ከሆነ ለመንገደኛው 2 በመቶ ነው። የከተማ ደን ባለሙያው ሴሲል ኮናይነንዳይክ ያቀረበው 3፣ 30፣ 300 የሚባል መለኪያም ይረዳል፦ ከቤት መስኮት 3 ዛፍ መታየት፣ በሰፈሩ 30 በመቶ ሽፋን፣ እስከ 300 ሜትር ርቀት አረንጓዴ ቦታ። ለአዲስ አበባ ሲሠራበት አንድ ነገር ልጨምርበት እወዳለሁ፤ መግቢያ የሚያስከፍል ፓርክ ለ300ው አይቆጠር። አምስት ልጅ ይዞ በር ላይ የሚያሰላ አባት ያለበት ከተማ ነው።

ችግኙ ከመምጣቱ በፊት ቦታው ይለካ። መኳኳያ ተደርጎ ከሚተከለው ዛፍ አብዛኛው የሚሞተው ወይም ቀጭጮ የሚቀረው አፈር አጥቶ ነው። በደምሳሳው፣ ከዛፉ አናት ስፋት ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከ0.3 እስከ 0.6 ሜትር ኩብ ያልተጠቀጠቀ አፈር ያስፈልጋል። የአናቱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 6 ሜትር የሆነ ዛፍ 28 ካሬ ሜትር ያጠላል፤ ስለዚህ በትልቁ ግምት 17 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። በእግረኛ መንገድ ላይ በተለምዶ የሚቆረጠው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓድ፣ አንድ ሜትር ቢጠልቅ እንኳ 1 ሜትር ኩብ ነው። ዛፉ ሦስትና አራት ዓመት ያምራል፤ ከዚያ ይቆማል፣ ወይም ንጣፉን ገልብጦ ይወጣል። መፍትሔው ጉድጓዶቹን በአንድ ረጅም የአፈር ቦይ ማያያዝ ነው። 1.5 ሜትር ስፋት፣ 12 ሜትር ርዝመት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ 16 ሜትር ኩብ ይሰጣል፤ አንድ ጥሩ ዛፍ ወይም ሥራቸውን የሚጋሩ ሁለት መካከለኛ ዛፎች ይችላል።

የእግረኛ መንገዱ ስፋት ከ2.7 ሜትር ካነሰ፣ ለዛፉ 1.2 ሜትር፣ ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃን ጋሪ 1.5 ሜትር ስለሚያስፈልግ፣ ዛፍ አይገባበትም። እንዲህ ባለው ቦታ ሁለት አማራጭ ይቀራል። አንዱ ከመኪና ማቆሚያው መውሰድ ነው፤ አንድ መኪና የሚይዘው 2.5 በ5 ሜትር ቦታ በ90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 11 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣዋል። ባለሱቁ መቃወሙ አይቀርም። ደንበኛው ጥላ ሥር መቆም እንደሚወድ ግን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሁለተኛው ለጠባብ መተላለፊያ ነው፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ሽቦ ወጥሮ ፓሽን ፍሩት ወይም ወይን ማሳደግ። ግማሽ ሜትር ኩብ አፈር ይበቃዋል፣ በሁለት ክረምት ይሸፍናል። ዛፍን አይተካም፤ ዛፍ በማይገባበት ግን ከምንም ይሻላል።

አፈሩ እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ሰሜኑ፣ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ፣ በአመዛኙ ቀይ አፈር ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ዛፍም ይወዳል። ወደ ቦሌ ዳርና ወደ አቃቂ ሲወረድ ዋልካው፣ ጥቁሩ ሸክላማ አፈር፣ ይመጣል። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍትና ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። በዋልካ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በለም አፈር መሙላት በጎ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ዛፉንም የሚገድለው እሱ ነው። ጉድጓዱ እንደ ገንዳ ውሃ ያቁራል፣ ሥሩ ሐምሌና ነሐሴን ሲዋኝ ከርሞ ይበሰብሳል። በዋልካ ላይ ወደ ላይ ነው የሚተከለው፦ ከአካባቢው መሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ ጉብታ ሥሩ፤ የጉድጓዱን ጎን በዶማ ሸካራ አድርጉት እንጂ አታለስልሱት። ከተከላችሁ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገለባ ወይም ደረቅ ሣር አልብሱት፣ ከግንዱ ግን አንድ ጋት ራቁ። በኅዳር ስንጥቅ ሲጀምር ደቃቅ አፈር እየነዛችሁ ድፈኑት።

መሬቱ የተጠቀጠቀ መሆኑን ለማወቅ ቁመቱ አንድ ሜትር የሆነ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይበቃል። መሬቱ በዝናብ ርሶ ሳለ በእጅ ግፉት። ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ አልገባ ካለ ሥርም አይገባም። አብዛኛው የኮንዶሚኒየም ግቢ እንዲህ ነው፤ ከሥሩ የብሎኬት ስባሪ፣ የሲሚንቶ ቅሪትና በማሽን የተደመደመ መሬት አለ። ስብርባሪውን ሳያወጡ የሚተከል ማንኛውም ችግኝ ልፋትን ማባከን ነው።

የዛፍ ዓይነት ላይ ክርክሩ ብዙ ስለሆነ አጠር ላድርገው። ከ2,500 ሜትር በላይ ለሆኑት የሰሜን ሰፈሮች ኮሶና ጽድ ይስማማሉ። ለመካከለኛው ከተማ ሰፊ መንገድ ካለ ዋንዛ አናቱ ይሰፋል፣ ቶሎም ያድጋል፤ ፍሬው ንጣፍ ላይ ስለሚጣበቅ ከመኪና ማቆሚያ ይራቅ። ዝግባ ዘገምተኛ ነው፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው፤ ለትምህርት ቤት ግቢ ከእሱ የሚሻል አላውቅም። ለዋልካው ግራርና ሸውሸዌ። ግራቪሊያ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ለጠባብ ቦታ ይመቻል፣ ጥላው ግን ትንሽ ነው፣ ቅርንጫፉም በነፋስ ይሰበራል። ሾላን ከግንብና ከውሃ መስመር ቢያንስ 10 ሜትር አርቁት። ባሕር ዛፍ በቤትና በመንገድ ዳር ቦታ የለውም። በዋና ዋና ጎዳናዎች የሚደረደረው ዘንባባ ለዓይን ያምራል፤ ለጥላ ከታሰበ ግን የተሳሳተ ምርጫ ነው፣ ቀጭን ግንድ ላይ ያለች ትንሽ አናት ለሰልፈኛ ምን ታደርጋለች?

ለተራራ የሚበቃው 30 ሳንቲ ሜትር ችግኝ ለመንገድ አይሆንም፤ ይረገጣል፣ ፍየል ይበላዋል፣ ኳስ ይሰብረዋል። ለመንገድ ቁመቱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር፣ ግንዱ አውራ ጣት የሚያህል ይፈለግ፣ ዙሪያውን በእንጨት ወይም በብረት ይታጠር። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ከታች የተጠማዘዘው ሥር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል በስለት ይቆረጥ፤ ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት አንገት ከመሬቱ እኩል ይሁን፣ አይቀበር። ጉድጓዱ ከሥሩ ኳስ (ሥሩ አቅፎ ከያዘው አፈር ጋር) ሦስት እጥፍ ይስፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከኳሱ አይብለጥ። ጊዜው ሐምሌ መግቢያ ነው፤ ዝናቡ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሲዘልቅ። ጳጉሜን ላይ የሚተከለው ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል።

ከዚህ በኋላ ያለው የውሃ ጉዳይ ነው፣ የሀብት ልዩነቱም ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው በጋ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ 21 ሳምንት ያህል ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአንድ ዛፍ 840 ሊትር ይሆናል። ለ50 ዛፍ 42 ሜትር ኩብ። ጉድጓድ ላስቆፈረ ወይም በቦቴ ለሚያስመጣ ግቢ ይህ ምንም አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ጀሪካን በወረፋ በሚቀዳበት ሰፈር ግን፣ እናቶች ከልጆቻቸው መታጠቢያ ቀንሰው ዛፍ ያጠጡ ማለት ነው። ስለዚህ በክረምቱ ለድሃ ሰፈር ችግኝ የሚያድል ማንኛውም ዘመቻ የበጋውን ውሃ አብሮ በጀት ካልያዘ፣ ችግኙን ባያድል ይሻላል። ሰው የሞተ ችግኝ ደጋግሞ ካየ ቀጥሎ የሚመጣውን ዛፍም አያምንም። የእጣቢ ውሃን በተመለከተ፣ የልብስ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ይሆናል፤ የመጀመሪያው የኦሞ ውሃ ግን በውስጡ ያለው ሶዲየም በተለይ ዋልካን ያጠጥራል፣ በረኪና ያለበት ደግሞ ጭራሽ አይደፋበት።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ መትከልን የአገር ልማድ አድርጎታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በከተማ ውስጥ ግን ዘመቻው ቁጥርን ትቶ የአናት ስፋትን ቢለካ እመኛለሁ። መንገድ ሲሰፋ አናቱ 10 ሜትር የሆነ አሮጌ ዛፍ ተቆርጦ በምትኩ አናታቸው ግማሽ ሜትር የሆኑ ችግኞች ሲተከሉ፣ ያኑ ጥላ በዚያው ቀን ለመመለስ 400 ችግኝ ያስፈልጋል። አሥር ለአንድ ተተከለ ሲባል ትርፍ ይመስላል፤ ለሚቀጥሉት አሥራ አምስት ዓመታት ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ መንገዱ በዛፉ ዙሪያ ሊጠማዘዝ ከቻለ ይጠማዘዝ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። ወንዝ ዳሩ ሲጸዳ፣ መሐል ከተማው ሲታደስ፣ ሣሩና ዛፉ በእርግጥ ይመጣል። በዚያ ቦታ ላይ ያለ ጥላ የኖረው ሰው ግን ያን ጊዜ እዚያ የለም፤ ዳር ከተማ ወዳለ የጋራ መኖሪያ ቤት ተዛውሯል፣ ኮየ ፈጬን ወደመሰለ ገላጣ ሜዳ። ጥላው ሰፈሩን አገኘው፣ ሰውየውን ግን ሳተው። በማዛወር ዕቅድ ውስጥ የመጀመሪያው ዛፍ መተከል ያለበት ሰው በሚሄድበት ቦታ ነው፣ ቁልፉ ከመሰጠቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ ግንባታው ሲጀመር።

እስከዚያው የነዋሪዎች ማኅበር የሚችለው ብዙ ነው፤ የጋራው መሬት በእጁ አለ። ዛፉን ከፍሳሽ መስመርና ከማንሆል 3 ሜትር አርቁ፣ ከሕንፃ 5 ሜትር። በየብሎኩ አንዳንድ ዛፍ ከመበተን አንዱን መንገድ፣ ከበሩ እስከ ታክሲው ያለውን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉት። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካዋ ማዲሰን ከተማ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ አየሩን በደንብ የሚያቀዘቅዘው በአንድ አካባቢ ያለው ሽፋን 40 በመቶ ሲያልፍ ነው። የተበታተነ ዛፍ ከሥሩ ለቆመ ብቻ ይጠቅማል።

ዛፉ ጸድቆ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው መግረዝ ይጀመራል፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት፣ በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ሩብ በላይ ሳይነካ፣ በእግረኛው በኩል ዝቅተኛው ቅርንጫፍ 2.5 ሜትር፣ በመኪናው በኩል 4.5 ሜትር እስኪሆን። አናቱን መቁረጥ ግን በፍጹም አይገባም። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች አናት የሚቆርጡት በመስመሩ ሥር መተከል የሌለበት ዛፍ ስለሚተከል ነው፤ በመስመር ሥር ከ5 ሜትር በላይ የሚያድግ አትትከሉ፣ ከመንገዱ ማዶ ሽቦ በሌለበት በኩል ይሁን። ሽቦ በሁለቱም በኩል ካለ ደግሞ፣ ከመትከላችሁ በፊት መስመሩ በአንድ ወገን እንዲጠቃለል ወይም በተሸፈነ ሽቦ እንዲተካ በወረዳው በኩል በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ የለካችሁትን የሽፋን ቁጥር፣ የቦዩን ንድፍና የበጋውን ውሃ ስሌት አያይዙት።